ብረትና ወረቀት በአንድ አሰሳ

ሠፈራችን ቤቴል ባለችበት በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ኮልፌ ሠፈር ውስጥ፣ የድሮው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ ግቢ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ እዚያ ግቢ ገብተው ሠለጠኑ። ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። ተኩስ ተማሩ፣ ትጥቅ ተሸክመው ረጅም መንገድ ተጓዙ፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንደመሰከሩት ትንንሽ ቦምብና ፈንጂ በእጅ መሥራትም ተምረዋል። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ በሳምንታት ተቋረጠ። ሲሰናበቱ ያኔ ኮሎኔል፣ በኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር በስጦታ ሰጧቸው። ሽጉጡ ጆሃንስበርግ አጠገብ በሊሊስሊፍ እርሻ ተቀበረ፤ ቦታው ተቆፍሮ ቢፈለግም አልተገኘም።

የተገኘው ወረቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በተጀመረው የሪቮኒያ ችሎት ዐቃቤ ሕግ በኤግዚቢትነት ካቀረባቸው ሰነዶች መካከል ማንዴላ በገዛ እጃቸው የጻፏቸው የሽምቅ ውጊያና የጦር ስልት ማስታወሻዎች ይገኙበታል። እሳቸውም ጽሑፉ የእኔ ነው ብለው አመኑ።

ይህን ማንሳቴ የሠፈራችንን ስም ከታላቅ ሰው ጋር ለማያያዝ አይደለም፤ ቢያያዝም የሚጠላ የቤቴል ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ዓለምን የሚያከራክረውን ጥያቄ ከነሙሉ አካሉ ስለያዘልኝ ነው። ሰው በገዛ እጁ መሣሪያ ቢሠራ መንግሥት ይከለክለዋል፤ በዚህ ብዙ ሙግት የለም። እንዴት እንደሚሠራ ቢጽፍስ? ቢያስተምርስ? የተጻፈውን አንብቦ ማስታወሻ ቢይዝስ? ብረቱ የሚያበቃበትና ቃሉ የሚጀምርበት ድንበር የት ነው?

ጥያቄው በአዲስ መልክ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ኮዲ ዊልሰን የተባለ የቴክሳስ የሕግ ተማሪ አካሉ ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን በስሪዲ ፕሪንተር ከፕላስቲክ የወጣ ሽጉጥ ሠራና ንድፉን በኢንተርኔት ለቀቀው። በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 100 ሺህ ጊዜ ተወረደ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይህ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ ከመላክ አይለይም በሚል እንዲያነሣው አዘዘ። ዊልሰን በ2015 ክስ መሠረተ። ሙግቱ ቀላል ነው፦ ንድፍ ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፍ ንግግር ነው፣ ንግግርን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል። ነገሩ ፈሊጥ ብቻ አልነበረም፤ በ1990ዎቹ ዳንኤል በርንስታይን የተባለ ተማሪ የምስጢር መልእክት መጻፊያ ኮዱን የማሳተም መብት እንዳለው በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት አስወስኖ ነበር። በ2018 መንግሥት ከዊልሰን ጋር ታርቆ ንድፉ ሊለቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው ግን ክፍለ ግዛቶች ሲያትል ላይ ከሰሱና ዳኛ ሮበርት ላዝኒክ አገዱት። በመጋቢት 2025 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ተበታትነው የሚሸጡና ቤት ውስጥ የሚገጣጠሙ መሣሪያዎችን መንግሥት እንደ መሣሪያ ሊቆጣጠራቸው ይችላል ብሎ ወሰነ። የንግግሩን ጥያቄ አልነካውም፤ ብረቱን ብቻ አይቶ አለፈ። ብልህ አካሄድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሌሎቹ አገሮች በየፊናቸው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ናራ ከተማ ላይ የጃፓኑን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤን የገደለው መሣሪያ ቤት ውስጥ የተሠራ ነበር፤ ያውም ከዓለም እጅግ ጥብቅ ከሚባሉት የመሣሪያ ሕጎች አንዱ ባለበት አገር። ጃፓን በ2024 ሕጓን አሻሽላ፣ ሰው በሕገ ወጥ መንገድ መሣሪያ እንዲይዝ በይፋ መቀስቀስን፣ በኢንተርኔት የሚደረገውን ጨምሮ፣ ወንጀል አደረገችው። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከዚያም ቀድማ በ2015 ንድፉን ኮምፒውተር ላይ ይዞ መገኘትን እስከ 14 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲያስቀጣ ደንግጋለች። ማይናማር ውስጥ ግን ከ2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ጫካ የገቡ ወጣቶች አንድ የጀርመን ነዋሪ የነደፈውን ኤፍጂሲ-9 የተባለ መሣሪያ እየሠሩ ተዋግተውበታል። አውሮፓ ውስጥ የሚያሳስረው ንድፍ እዚያ የነጻነት መሣሪያ ተብሏል።

የአሜሪካው ሙግት እንዳለ ተነቅሎ እኛ ዘንድ አይተከልም። የእነሱ ሕገ መንግሥት መሣሪያ መያዝን መብት ያደርገዋል፤ የ1987ቱ የእኛ ሕገ መንግሥት ስለ መሣሪያ የሚያነሣው በአንቀጽ 51፣ የፌዴራል መንግሥትን ሥልጣን ሲዘረዝር ነው። መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ ማውጣት የፌዴራሉ ሥራ ነው፣ አለቀ። ስለ ንግግር ግን ረዘም ያለ ቃል አለው። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ እንደማይገባ ይናገራል፤ የወጣቶችን ደህንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ ሊወጣ እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎችም በሕግ እንደሚከለከሉ ያክላል። እንግዲህ በወረቀቱ መሠረት ብረት የመንግሥት፣ ቃል የዜጋ ነው። ኑሮው እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

የእጅ ሥራውን ታሪክ ካየን የጀመረው ራሱ መንግሥት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሰሉ የሚሲዮን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ሰዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ነበሩ፤ ንጉሡ ከስብከቱ ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው ነው። አምሳያው በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የመንግሥት የመሣሪያ ፋብሪካ የያዘው ስምም ጋፋት ነው።

ከቤተ መንግሥት ውጭ ያለውን የብረት ሥራ የያዘው ቀጥቃጩ ነበር። ቃታ የሚያበጀው፣ የተሰበረ ሰደፍ የሚተካው፣ ማረሻና ጦር የሚያወጣው እሱ ነው፤ መንደሩ ግን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ይሸሸዋል፣ ልጁንም አይድርለትም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ስለ ጥላቻ ንግግር ሕግ በኢትዮጵያ የሚጻፍ ሁሉ ከ2012 ዓ.ም. አዋጅ ሲጀምር አያለሁ፤ እኔ ብሆን ከዚህ አዋጅ እጀምር ነበር። ንጉሡ የቀጥቃጩን መዶሻ ትተው የሰዳቢውን አፍ የከለከሉት ያለ ብረት ሠራተኛ አገር እንደማትቆም ገብቷቸው ነው።

ይሁንና በኢትዮጵያ ምድር የጮኸው ጠብመንጃ አብዛኛው የባሕር ማዶ ነው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ፣ ምንሽር፣ አልቢን፣ ዲሞትፈር ሁሉም በወደብ የገቡ ናቸው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2 ሺህ የሚሆን ጠብመንጃ በታጁራ አድርጎ ሸዋ ያደረሰው ለትርፍ ነበር። ስለዚህ የመሣሪያ ቁጥጥር ሙግት እኛ ዘንድ ገና ከጅምሩ ወደቡን ማን ይዝጋ የሚል ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የተፈራረሙት ውል ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መሣሪያ የመግዛት መብት ሰጠ፤ ጣሊያን በ1927 ጦር ስታከማች ግን ገበያው ተዘጋ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ እገዳው የጎዳው የሌላትን ነው። ሰሜን ሸዋ ወይም ጎጃም ውስጥ አንድ ገበሬ መሣሪያህን አስረክብ ሲባል ፊቱ የሚለወጠው ይህን ውል አንብቦ አይደለም፤ ነገር ግን ከአባቱ ከአርበኛው የሰማው ታሪክ ፍሬው ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ትጥቅ ያስፈታህ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግህ አታውቅም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን በአማራ ክልል የተነሣው ተቃውሞ፣ ከዚያም በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስከተለው ጦርነት፣ ከብዙ ምክንያቱ አንዱ ይህ ነው።

የከተማው ታሪክ ከገጠሩ ይለያል፤ የዚህ ጽሑፍ እምብርትም እሱ ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ አበባን ዘግቶ ቤት ለቤት አሰሳ አደረገ። የቀበሌ ጥበቃዎች የፈለጉት ሽጉጥና ቦምብ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ ማሽንም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በራሪ ወረቀት የተገኘበትና ጥይት የተገኘበት ወጣት በአንድ መኪና ተጫኑ። ያን ጊዜ የነበሩ ወላጆች ከመሣሪያ እኩል ወረቀት ሲያቃጥሉ ማደራቸውን የሚያወሩት ለዚህ ነው። አሜሪካኖቹ ዛሬ ንድፉ ጽሑፍ ነውና አትንኩት ብለው ይሟገታሉ፤ እኛ ዘንድ መንግሥት ጽሑፉ መሣሪያ ነውና አምጡት ሲል ቆይቷል።

ደርግ ሲወድቅ ይህ ልማድ አብሮ አልወደቀም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በሐምሌ ወር በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። በክሱ ከተጠቀሰባቸው ነገር አንዱ ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የተባለ፣ ኢሜይልንና ኮምፒውተርን ከሰላይ ለመጠበቅ የሚያስተምር፣ ማንም በነጻ የሚያገኘው መማሪያ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ብረት አልተያዘባቸውም። ከፊሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ በሐምሌ 2007 ወጡ፤ በጥቅምት 2008 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። እዚያ ድረስ ግን ከአንድ ዓመት በላይ እስር ቤት ነበሩ። የበርንስታይንን የምስጢር ኮድ ጉዳይና ይህን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ንጽጽሩን ራሱ ይጨርሰው።

ከዚህ በኋላ 2012 ዓ.ም. መጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ መጨረሻ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185ን አጸደቀ። አምስት ሳምንት ያህል ነው በመካከላቸው ያለው። ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ ድንጋጤ ነው፤ ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው፣ አዲስ አበባ ላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን የተገደሉበትን ቀን፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየመንደሩ የደረሰውንም ግጭት ያስታውሳሉ።

አዋጅ 1177 መልካም ሕግ ነው ብዬ ለመናገር አላፍርም። መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥን ይከለክላል፤ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ይሰጣል፤ መሣሪያ በልማድ የሚያዝባቸውን አካባቢዎችም በአንድ ጀምበር ወንጀለኛ ሳያደርግ የሚመዘገቡበትን መንገድ አብጅቷል። የችግሩን መልክም በትክክል ያየ ይመስለኛል። ሮይተርስ ያኔ እንደዘገበው በአንድ ዓመት ተያዙ ከተባሉት መሣሪያዎች ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሽጉጦች፣ 275ቱ ጠብመንጃዎች ነበሩ። ይህ የገበሬ ትጥቅ አይደለም፤ ከውጭ በጭነት መኪና ተሸሽጎ የሚገባ የከተማ ሸቀጥ ነው፣ ስሙም ብዙ ጊዜ ቱርክ ሠራሽ ነው። ከቤቴል ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ቶርኖ ቤቶችና ብየዳ ቤቶች በርና መስኮት ሲሠሩ ይውላሉ፤ ሽጉጥ በተሠራ ዋጋ በድብቅ በሚገኝበት ከተማ ማን ቁጭ ብሎ ከቧንቧ ያበጃል? ሰው በእጁ መሥራት የሚጀምረው ገበያው ሲዘጋበት ነው። ጃፓን ውስጥ የሆነው ይህ ነው፤ እኛ ዘንድ ኮንትሮባንዱ በእውነት የተዘጋ ዕለት ጥያቄው በራችን ላይ ይቆማል። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጄኔቫ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ በሲቪል እጅ ያለውን መሣሪያ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ አድርጎ ገምቶታል። ጥምቀት ላይ ጎንደርን ያየ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ፈገግ ይላል።

አዋጅ 1185 ሌላ ነገር ነው። 23 የምክር ቤቱ አባላት ተቃውመውታል፤ እንዲያ ባለ ምክር ቤት ትንሽ ቁጥር አይደለም። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ይህ ክፍል የሚያስኬድ ነው፤ ቃሉንና ጥቃቱን ያያይዛል፣ የትምህርት፣ የዜና፣ የጥበብና የሃይማኖት ሥራን ነጻ ያወጣል። (ይህ ነጻ ማውጫ ባይኖር ፉከራና ቀረርቶ ምን ይውጣቸው ነበር? ጠብመንጃውን ወድሮ ጠላቱን በስም እየጠራ ያልፎከረ የሠርግ አጃቢ የት አለ?) የሚያስቸግረው ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ነው። ወሬው ሐሰት መሆኑን ያላወቀም ማወቅ ይገባው ነበር ተብሎ ሊቀጣ ይችላል፤ ግጭት መነሣቱ ሳይሆን የመነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ይበቃል፤ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ያለው ሰው ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። አንቀጽ 29 ሐሳብ ሊያስከትል በሚችለው ውጤት አይገደብ ያለውን ይህ አዋጅ በጓሮ በር አስገብቶታል።

አዋጆቹ በወጡ በወራት ውስጥ ተፈተኑ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ በተነሣው ሁከት ከመቶ የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሁሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በእነዚያ ቀናት ሰው የሞተው በቆንጨራ፣ በእሳትና በጥይት ነው፤ የተዘጋው ግን የ100 ሚሊዮን ሰው አፍ ነበር። ቅስቀሳ አልነበረም አልልም፤ ነበር፣ ደም የጠማው ቅስቀሳ። ቀስቃሹን ለይቶ መክሰስ አድካሚ ስለሆነ መስመሩን መንቀል ተመረጠ።

ከዚያ የባሰ የሚያስገርመው የጥቅምት 2014ቱ ነው። ጥቅምት 23 ቀን፣ የሕወሓት ጦር ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ በተባለ ሰሞን፣ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ቀነዓ ያደታ ነዋሪው መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብና ሠፈሩን ተደራጅቶ እንዲጠብቅ ጥሪ አቀረቡ። በዚያው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያልተመዘገበ ብረት የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት ከሕገ ወጥነት ወደ አካባቢ ጠባቂነት ከፍ አለ፤ በዚያው አዋጅ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ከእነሱም አንዱ ለአሶሼትድ ፕሬስ የሚሠራው አሚር አማን ኪያሮ ሲሆን የተፈታው በመጋቢት ነው። መንግሥት በጨነቀው ጊዜ መሣሪያ ላለው እጁን ዘረጋ፣ ብዕር ያለውን አሰረ። በተግባር የትኛውን የበለጠ እንደሚፈራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ወደ ፊት ስሪዲ ፕሪንተር በየኮሌጁ ሲበዛ የንድፍ ጉዳይ እኛም ጋ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም የኒው ሳውዝ ዌልስን ዓይነት ሕግ ቀድተን እናውጣ የሚሉ እንደማይጠፉ እገምታለሁ። ይዞ መገኘት ብቻ ያስቀጣል የሚለው ሕግ ሲድኒ ላይ ምናልባት ጉዳት የለውም። ማባዣ ማሽን ከቦምብ ጋር ተዘርዝሮ ባወቀበት፣ የኢሜይል መጠበቂያ ትምህርት የሽብር ማስረጃ በሆነበት አገር ግን የማንን ፋይል እንደሚከፍት አስቀድሞ ይታወቃል። ያሠለጠነ፣ ንድፍ የሰጠ፣ ቀመር የጻፈ ሰው ሊጠየቅ የሚገባው አንድ የታወቀ ወንጀል እንዲፈጸም አስቦ ለአንድ የታወቀ ሰው ወይም ቡድን ሲያቀብል ነው፤ ይህን ደግሞ የወንጀል ሕጋችን ስለ አነሣሽና ስለ አባሪ የደነገገው ይበቃዋል። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብረቱን ብቻ አይቶ ማለፉ ብልህነት ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ የሚገድለውን ዕቃ ለመቆጣጠር ስለ ዕቃው የሚጻፈውን ሁሉ መቆጣጠር ግዴታ አይደለም።

ስለዚህ 1177 ይጽና፤ ፌዴራል ፖሊስም በየዓመቱ የያዘውን መሣሪያ በዓይነትና በመጣበት በር ለይቶ ለሕዝብ ያሳትም፤ ከቱርክ የገባው፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣውና በእጅ የተሠራው ስንት ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ክርክሩ በጭፍን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ አዋጅ 1185ን እንደገና ይክፈት። ሐሰተኛ መረጃ የሚለውን ክፍል ይሰርዝ፣ የጥላቻ ንግግሩን ክፍል ጥቃትን በቀጥታ በሚያነሣሣ ቃል ላይ ብቻ ይወስን። የኮልፌ ቀራንዮን ሕዝብ ወክሎ ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ሐሳብ ቢያቀርብ የእኔን ድምፅ ይዟል።